ከውጭ የሚቆለፍ በር

ቅዳሜ ጠዋት የግቢው በር ሲንኳኳ የአከራዬ ባለቤት እትዬ እጃቸውን እስከ ክርናቸው የሳሙና አረፋ ውስጥ ነክረው ልብስ እያጠቡ ስለነበር የከፈትኩት እኔ ነኝ። በሩ ላይ የቆመችው ሴት በሠላሳዎቹ ውስጥ የምትሆን ናት። ሹራቧ ላይ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ቁርጥራጭ ክሮች ተለጥፈዋል፤ ደረቷ ላይ ደግሞ ረስታት የመጣች መርፌ ከነክሯ ተሰክታለች። ልብስ ሰፊ መሆኗን ሳትነግረኝ አወቅሁ።

«የሻምበል ቤት ይኼ ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ግቢ።»

ሻምበል ጡረታ የወጡ የፖሊስ መኮንን ናቸው። በግቢያቸው ካሉት ሁለት የኪራይ ክፍሎች አንዷ የኔ ናት። ሌላዋ ባዶ ስለነበረች ተከራይ እንደሚፈልጉ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግረዋል፤ ጠያቂ ሲመጣ ክፍሏን ማሳየትም በልማድ የኔ ሥራ ሆኗል። ከማላውቀው ሰው ጋር ረጅም ወሬ ስለማይሆንልኝ ሴትየዋን ለምን እንደመጣች እንኳ ሳልጠይቅ በቀጥታ ወደ ባዶዋ ክፍል ወሰድኳት።

«እዚህ ጋ አልጋ ይገባል» አልኳት። «መስኮቷ ትንሽ ናት፤ ግን የብረት ፍርግርግ አላት።»

ሴትየዋ ፍርግርጉን አየችው።

«መጸዳጃው ውጭ ነው። ቁልፉ እትዬ ጋ ስለሚቀመጥ ስትፈልጊ እሳቸውን ትጠይቂያለሽ። በሩ ደግሞ ጠንካራ ነው፤ ከውስጥም ከውጭም ይቆለፋል።» የውጩን መቀርቀሪያ ጎትቼ ቀጭ ሲል አሰማኋት።

«ስንት ቀን ነው የምቆየው?» አለች፤ ድምጿ ወረደ።

«እሱን ከሻምበል ጋር ትነጋገራላችሁ። ከዚህ በፊት የነበሩት ግን ዓመትም ከዚያ በላይም ቆይተዋል።»

ሴትየዋ ግድግዳውን ተደገፈች። «እህቴ» አለችኝ፣ «እኔ እኮ ልከስ ነው የመጣሁት፤ ተከስሼ አይደለም።»

ሁለታችንም ተፋጠን እንደቆምን ሻምበል ዳቦ በብብታቸው ይዘው ገቡ። ነገሩ ሲገባቸው እሳቸው ፈገግ አሉ፤ እትዬ ግን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እንባቸውን በሳሙናማ እጃቸው ሲጠርጉ ደግሞ ዓይናቸው ተቃጥሎ የእውነት አለቀሱ።

«ሻምበል፣ ጡረታ የወጣኸው ለስሙ ነው እኮ!» አሉ። «ይኸው ቤትህን ሳይቀር እስር ቤት አደረገችልህ።»

እኔ ከማፈሬ የተነሳ የምገባበት ጠፋኝ። ሴትየዋም አብራን ሳቀች። ሆኖም በረንዳው ላይ ከነበሩት ወንበሮች ለመቀመጥ የመረጠችው ለግቢው በር የሚቀርበውን ነበር። ይህን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ሻምበል ጠዋት ጠዋት ጫማቸውን ይወለውላሉ። ከዳቦ ቤት ያለፈ የሚሄዱበት ባይኖርም ይህን ልማድ አልተዉም። የዚያን ዕለትም ብሩሻቸውን ይዘው ተቀመጡና «እሺ ልጄ፣ ምን ገጠመሽ?» አሏት።

«ሰው ነው ወደ እርስዎ የላከኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ድሮ ጣቢያው ውስጥ አቤቱታ የሚሰሙት እርስዎ ነበሩ አሉኝ። ሰው አያዳሉም፣ ጉቦ አይበሉም ብለውኛል።»

«ለጤናዬ ብዬ ነው፤ ብዙ ነገር እንዳልበላ ከልክለውኛል።»

ትንሽ ፈገግ አለችና ጀመረች። ወንድሟ ቀለም ቀቢ ነው። የሚሠራበት ሕንፃ ውስጥ የሌላ ባለሙያ መሣሪያ ጠፋና ፖሊስ ሠራተኞቹን ሁሉ ለምርመራ ወሰዳቸው። በማግስቱ ጥፋት አልተገኘባችሁም ተብለው ተለቀቁ። ወንድሟ ሲመለስ ግን የቀኝ እጁ አንጓ ተሰብሮ ነበር።

«ደረጃ ላይ ወድቆ ነው አሉን» አለች። «ጌታዬ፣ እርስዎ ጣቢያውን ያውቁታል። ያለው ደረጃ አንድ ነው፤ እሱም መግቢያው ላይ።»

«አንድ ደረጃም ይጥላል» አሉ ሻምበል ከጫማቸው ቀና ሳይሉ። «እስቲ ቀጥዪ።»

«እጁን ሲጠመዝዙት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረውት ስለነበር ማን እንደሆነ አላየም። ከሥራው ቦታ የወሰደው ግን አንድ ሳጅን ነው። ስሙን አናውቅም። ግራ ቅንድቡን ለሁለት የከፈለ ጠባሳ አለው። እሱን ከስሰን ለጣቢያው አመለከትን፤ እናጣራለን ብለው መለሱን። ማን እንደሚያጣራ፣ መቼ እንደሚያጣራ የሚነግረን የለም። እጁ እኮ ነው የሚያበላው። እርስዎ አንድ ቃል ቢናገሩልን ብዬ ነው።»

ብሩሹ ቆመ። ከጓሮ ይሰማ የነበረው የልብስ እጥበትም ቆመ። ያ ጠባሳ ከየት እንደመጣ እኔም አውቃለሁ፤ ፖሊስ የሆነው ልጃቸው ገና ዳዴ ማለት ሲተው ከዚሁ በረንዳ ወድቆ ያተረፈው እንደሆነ እትዬ ብዙ ጊዜ አጫውተውኛል።

ሻምበል ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ዝም አላሉም።

«ልጄ ነው» አሉ።

ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ። እኔ ምንም አላልኩም።»

«ተቀመጪ እንጂ። ማን ምን አለሽ?»

«የለም፣ የለም። ሰኞ ሄጄ አቤቱታውን አነሳለሁ።»

«ማንም አላስገደደሽም እኮ ልጄ።»

«በገዛ ፈቃዴ ነው። ወድቆ ይሆናል። አንድ ደረጃም ይጥላል።» እጇን ዘረጋች፤ ሻምበልም ጨበጧት። ከዚያ በተቀመጠችበት ወንበር አጠገብ በነበረው በር ቶሎ ወጣች።

ሻምበል ወደኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ እፎይታ ነበር። «አየሽ? ሰውን በደግ ቃል ካናገሩት ይገባዋል። ይኸው ታረቅን።»

በዚህ ግቢ ስኖር አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታ የምሰማ እንጂ የምመልስ አይደለሁም። ያን ጊዜ ግን አፌ ቀደመኝ።

«አልታረቀችም ጋሼ» አልኩ። «ፈራች።»

«ምኑን?»

«እርስዎን።»

«እኔን? ዳቦ ይዤ የገባሁትን ሰውዬ?»

«የሳጅን አባት ስለሆኑ። በዚያ ላይ የጣቢያው ሰው ነበሩ። እውነቷን ብትናገር ለማን ነው የምትናገረው?»

እትዬ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጡ። «አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ሴትየዋ ትቼዋለሁ ብላ ሄደች፤ አንቺ ምን አግብቶሽ ነው የምትቆሰቁሺው? የኔን ልጅ እጅ ሰባሪ ልታደርጊው ነው?»

«አላልኩም እትዬ። ያደርጋል አላልኩም፤ አላደረገም ለማለትም የማውቀው ነገር የለም።»

«እኔ አውቃለሁ!»

«እርስዎ እናቱ ነዎት።»

ይህን ለእሳቸው መናገር ቀላል አልነበረም። እትዬ ተከራይ ብቻ አድርገው አይተውኝ አያውቁም፤ ሳመሽ ምግብ የሚያቆዩልኝ እሳቸው ናቸው። ሻምበል ግን ክርክር ይወዳሉ። እጃቸውን አነሱና ሚስታቸውን ዝም አሰኙ።

«ተያት፣ ትናገር። እንግዲህ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ምን ይደረግ ነው የምትይው?»

«ጉዳዩን ከጣቢያው ውጭ ያለ ሰው ያጣራው። በእኛ ሆስፒታል ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ፤ በፖሊስ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ የሚያጣራ፣ ከፖሊስ አዛዦች ትእዛዝ የማይቀበል ቢሮ ተከፍቷል።»

«ሰምቻለሁ። ወረቀት ሲያገላብጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ቢላ ከያዘ ሰው ፊት ቆመው የማያውቁ ሰዎች የፖሊስን ሥራ በምን ያውቁታል? ሌባ ሁሉ ሲያዝ ተደበደብኩ ይላል። እንደዚያ ከሆነ ፖሊሱ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ነው ያለበት።»

ይህ የሻምበል ብቻ ሳይሆን የብዙ ቅን ሰዎች መከራከሪያ ነው፤ ስለዚህ ቀላል አድርጌ አላየሁትም። የመጣልኝ መልስ ግን ከሥራዬ ውጭ አልነበረም። እኔ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ።

«ጋሼ፣ ባለፈው ደምዎን መርምሬ ስኳርዎ ከፍ ብሏል ያልኩዎት ጊዜ ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ?»

«ውሸት ነው አልኩሽ።»

«ድጋሚ ልየው ስልዎትስ?»

«አንቺማ ያንኑ ነው የምታገኚው፣ ሌላ ሰው ይየው አልኩሽ።» ይህን ብለው ወዴት እየወሰድኳቸው እንደሆነ ስለገባቸው አገጫቸውን አከኩ። «እሱ ደም ነው። ደም አይዋሽም፣ ጠላት የለውም።»

«ደሙ አይዋሽም፤ የምታየው ዓይን ግን የኔ ናት። የኛ ደንብ የሚለውም እርስዎ ያሉትን ነው። ውጤት ሲጠረጠር የመረመረው ሰው ደግሞ አይነካውም። ናሙናው ስም ሳይጻፍበት ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ እኛ ምን እንዳገኘን አይነገራቸውም። ይህ ደንብ ሲወጣ ሌባ ናችሁ ብሎ የሰደበን የለም። ዓይን ትናንት ያየውን ዛሬም ስለሚፈልግ ነው። ከትናንቱ ዓይን ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ምሳ የሚበላ ዓይንም እንደዚያው ነው።»

«ሌባው ሲዋሽስ?»

«ያ ቢሮ ዋሽቷል ይላል። እነሱ ሲሉት ሰው ያምናል። ጣቢያው ሲለው ግን እውነት ቢሆንም የሚያምን የለም። ሥራውን አያውቁም ላሉት ደግሞ፣ የሚያውቅ ሰው ከሌላ ቦታ መቅጠር ይችላሉ። ዋናው ነገር ከተከሰሰው ሰው ጋር አንድ አለቃ አለመኖሩ ነው።»

ሻምበል ጫማቸውን አስቀመጡ። በሙያቸው የኮሩ ሰው ስለነበሩ አሁን ትንሽ ተቆጥተዋል።

«እኔ ያንን ወንበር ይዤ ስኖር አዳልቼ አላውቅም። ስሚ፣ እንዴት እንደምሠራ ልንገርሽ። ከሳሹንና ፖሊሱን አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት አስቀምጣለሁ። ሻይ አዝዝላቸዋለሁ። እንዳይረበሹ በሩን እዘጋለሁ። በል አንተ ተናገር፣ በል አንተ መልስ። ብታምኚም ባታምኚም አብዛኛው ሰው አቤቱታውን ትቶ፣ ተጨባብጦ ነው የሚወጣው። አንድም ቀን ድምፅ ከፍ ብሎ አያውቅም።»

«በሩን ይዘጉት ነበር?» አልኩ።

«እንዳይረበሹ ነዋ።»

«ውጭ ማን ነበር?»

«አንድ ፖሊስ ይቆማል። ሥርዓት ነው።»

ልመልስ አፌን ስከፍት እትዬ ቀደሙኝ። እስከዚያ ድረስ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ የታጠበ ልብስ ሲጨምቁ ነበር።

«ሻምበል» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሴትየዋ ጠዋት ከዚያች ክፍል ስትወጣ ፊቷን አይተኸዋል?»

ሻምበል ወደ ባዶዋ ክፍል ተመለከቱ። በሩ እንደተውነው ክፍት ነበር፤ የውጩ መቀርቀሪያ ተንጠልጥሏል። ጠዋት እኔ የደኅንነት ምልክት አድርጌ ያሳየሁትን ብረት እሷ እንዴት እንዳየችው ሦስታችንም አውቀናል። አንድ ሰው ባለሥልጣን ነኝ ብሎ በማያስብበት ጊዜ እንኳ ሌላው ሰው ሥልጣኑን ያየዋል። በተዘጋ በር ውስጥ፣ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሞ፣ ከሰበረው ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሻይ የቀረበለት ሰው እጁን ቢዘረጋ ለምን ይገርማል?

«ታዲያ ያ ሁሉ የተጨባበጠ ሰው…» አሉና ሻምበል አልጨረሱትም።

ጫማቸውን መልሰው አነሱና ሌላ ታሪክ ጀመሩ። ድምፃቸው የክርክር ድምፅ አልነበረም።

«ረጅሙ የምንለው ባልደረባ ነበረን። አንድ ሽማግሌ በጥፊ መታኝ ብለው ከሰሱት። አጣራሁ። በዚያን ቀን ረጅሙ ፈጽሞ ሥራ ላይ አልነበረም፤ ሚስቱ ወልዳ ሆስፒታል ነበር። ሽማግሌው ሰው ተሳስተዋል። ነጻ ነው ብዬ ወሰንኩ። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ሲያልፍ ልጆቹ ሁሉ ጉንጫቸውን ይዘው ያዩት ነበር። ሚስቱ ከሱቅ ዕቃ ለመግዛት አፈረች። በመጨረሻ ሥራውን ለቀቀ።»

«ንጹሕ ነበር?» አልኩ።

«እንደ ውኃ።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

ያን ጊዜ የሻምበል ስልክ ጮኸ። ጆሯቸው ስለደከመ ሁልጊዜ ድምፁን ከፍተው ነው የሚያነጋግሩት፤ ስለዚህ ጆሯችንን ጥለን ባንሰማም ንግግሩ በረንዳውን ሞላው። የጣቢያው አዛዥ ነበር፤ ድሮ በሻምበል ሥር የሠራ ሰው ነው።

«ጌታዬ፣ እንደምን አደሩ? ስለ ልጃችን ጉዳይ ሰምተው እንዳይጨነቁ ብዬ ነው።»

«ሰማሁ። ምን አደረጋችሁ?»

«ለፈረቃ ኃላፊው ሰጥቼዋለሁ። ያን ቀንም እዚያው ስለነበር ነገሩን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ልጃችንን ደግሞ እንደ ወንድሙ ነው የሚያየው። መሠረት የሌለው አቤቱታ ነው ብሎ ይዘጋዋል። እርስዎ አያስቡ፣ በቤተሰብ እንጨርሰዋለን።»

«ማጣራቱን ጨርሷል?»

«ኧረ ገና ነው። ሰኞ ይጀምራል።»

ሻምበል አመስግነው ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው «ውጤቱን ዛሬ ነገረኝ፤ ምርመራው ሰኞ ይጀመራል» አሉ።

አዛዡ ክፉ ሰው አልነበረም። የደወለው በቀና ልብ ነው፤ የድሮ አለቃውን ልብ ሊያሳርፍ ነው። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ክፉ አለቃ ሲያዳላ ሰው ያውቅበታል፤ ደግ አለቃ ሲያዳላ ግን ራሱም አያውቀውም። ሻምበል ያን ስልክ ከአንድ ቀን በፊት ቢሰሙት ደስ ይላቸው ነበር ብዬ አስባለሁ።

«ንገሪኝ» አሉኝ፤ «ያ ቢሮሽ ምን ምን ማድረግ ይችላል?»

ሰሌዳው ላይ ያነበብኩትን ሁሉ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። አቤት ባዩ ወደ ጣቢያው ሳይመለስ በቀጥታ ማመልከት እንደሚችል፣ መርማሪዎቹ ጣቢያ ገብተው ክፍሎቹን እንደሚያዩ፣ ፖሊሶችንም ከአለቆቻቸው ርቀው እንደሚያነጋግሩ፣ ያገኙትንም ለሁለቱም ወገን እንደሚያስታውቁ። «ሲጨርሱም መሳቢያ ውስጥ አይቀርም፤ ጥፋት ካለ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይመሩታል» አልኳቸው።

«ጥፋት ከሌለስ?»

«እሱንም በግልጽ ይናገራሉ። ረጅሙ ያጣው እሱን ነው።»

ሳጅን ለምሳ መጣ። ሰላም ብሎን እጁን ታጠበና ማዕድ ላይ ተቀመጠ። ልሂድ ብዬ ስነሳ ሻምበል «ተቀመጪ፤ ያመጣሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ፤ እኔም ሳህኔን እያየሁ ቀረሁ።

«የቀለም ቀቢው እህት መጥታ ነበር» አሉ ሻምበል።

ሳጅን የቆረሰውን ዳቦ መልሶ አስቀመጠ። «አባዬ፣ እኔ…»

«ቆይ። አልጠይቅህም። አላደረግኩም ብትለኝ አምንሃለሁ፤ አባትህ ነኛ። ስለዚህ የኔ ማመን ምንም አይጠቅምህም። አዛዥህም ያምንሃል፤ የፈረቃ ኃላፊውም እንደ ወንድሙ ያይሃል አሉ። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ ለዚያች ሴት ምን ይሆኑላታል?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ጉዳዬን ከጣቢያው ውጭ ያለው ቢሮ ይየው በል። አንተው ጠይቅ።»

«ለማያውቁኝ ሰዎች አሳልፈህ ልትሰጠኝ ነው?»

«ስለማያውቁህ ነው።»

ሳጅን እናቱን አየ። ርዳታ ከእሳቸው የጠበቀ ይመስለኛል። እትዬ የዳቦውን ሳህን ወደሱ ገፋ አደረጉለትና «እኔ ልጄን ማመን ብቻ አይበቃኝም» አሉ። «ገበያ ስወጣ ሰው ዓይኔን እያየ እንዲያወራኝ እፈልጋለሁ። አድርገህ ከሆነ ቅጣትህን ተቀበል፤ እየመጣሁ እጠይቅሃለሁ። ካላደረግህ ደግሞ ሰው ሁሉ ይስማልኝ።»

«የፈረቃ ኃላፊው ጥሩ ሰው ነው» አለ ሳጅን ዝግ ብሎ። ማንም ስለ ፈረቃ ኃላፊው መጥፎ ነገር አልተናገረም ነበር። ምሳውን ሳይጨርስ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ሻምበል የተወለወለ ጫማቸውን አድርገው ተነሡ። «ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄጄ አቤቱታሽን እንዳታነሺ ልበላት» አሉ።

«እርስዎ ከሄዱ እንደገና ትጨብጥዎታለች» አልኳቸው።

ሳቁ፤ መራራ ሳቅ ነበር። ተመልሰው ተቀመጡና ጫማቸውን አወለቁ። «እኔ እውነቱን እንዲያወጡ ስፈልግ እንኳ መሄድ የለብኝም ማለት ነው።»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ ማን ይሂድ?»

በግቢው ውስጥ ከእትዬና ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም፤ እትዬ ደግሞ እናት ናቸው።

የልብስ ሰፊዋን ሱቅ ሰው እየጠየቅሁ አገኘሁት። ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ አየችኝ። ቀለም ቀቢው ወንድሟ ጥግ ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ የልብስ ቁልፎችን በየቀለማቸው ይለያል፤ ቀኝ እጁ በጄሶ ታስሯል። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «ክፍሉን ላከራይሽ አይደለም የመጣሁት» አልኳት። ይህን ስል ልብስ ሰፊዋ ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ መነጋገር ቀለለን።

ሰኞ አብሬያት ሄድኩ። ቢሮው ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ያለ ተራ ፎቅ ላይ ነው፤ ከወንበሮቹ አንዱ ያነክሳል። መርማሪዋ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ የማትቸኩል ሴት ናት። እኔን ውጭ እንድጠብቅ ነገረችኝና ልብስ ሰፊዋን ወደ ውስጥ አስገባች። ከዚያ እጀታውን እንደያዘች «በሩን ልዝጋው ወይስ ክፍት ይሁን?» ብላ ጠየቀቻት።

ልብስ ሰፊዋ ትንሽ አሰበች። «ይዘጋ» አለች። «ከውስጥ።»

የተገኘው ነገር ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ስለሆነ አላስረዝመውም። መርማሪዎቹ ቀለም ቀቢውን በቤቱ፣ አብረውት የታሰሩትን ሠራተኞች በየሥራቸው፣ ያከመውን ሐኪም በሆስፒታሉ አነጋገሩ። በመጨረሻ ሳጅንን ጠሩት። አብረውት በማይበሉ፣ ነገ በማያዙት ሰዎች ፊት ሲቀመጥ ያየውን ተናገረ። የቀለም ቀቢውን እጅ የጠመዘዘው የፈረቃ ኃላፊው ነበር። ሳጅን አጠገቡ ቆሞ አይቷል፤ አላስቆመውም፤ ሲጠየቅም «ወድቆ ነው» በል የተባለውን ብሏል። እንግዲህ ጣቢያው በቅን ልቡ ጉዳዩን እንዲያጣራ የመደበው እጁን የሰበረውን ሰው ራሱን ነበር። ማጣራቱ እዚያው ቢቀር ኖሮ ወይ አቤቱታው ይዘጋል፣ ወይ ነገሩ ሲገፋ ጥፋቱ በሳጅን ላይ ይወድቃል፤ በሁለቱም መንገድ የሰበረው ሰው በዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ሻምበል ይህን ከሰሙ በኋላ ዳቦ ቤቱ ወረፋ ላይ ከሚያገኙት ሰው ሁሉ ጋር ክርክር ገጠሙ። አንድ ቀን አብሬያቸው ነበርኩ። ጎረቤታችን አናጢው «ሻምበል፣ አሁን ፖሊስን በሰው እጅ ማስገምገም ጥሩ ነው?» ሲላቸው እንዲህ ብለው መለሱለት።

«እኔም እንዳንተ ነበርኩ። እስቲ ስማኝ። የተጎዳው ሰው ከጎዳው ሰው ጓደኛ ዘንድ ሄዶ እንዲያለቅስ አይገደድም፤ ይህ አንድ። ደግሞ ያላጠፋው ፖሊስ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል፤ ነጻ ነህ ያለው የገዛ ጓደኛው አይደለማ! ያጠፋው ቶሎ ይታወቃል፤ ሁለተኛ እጅ ሳይሰብር። አዛዡም ቢሆን በወንድምነትና በሕግ መካከል አይጨነቅም። አንተ ራስህ ያ የሱቅህ ቁልፍ የተሰበረ ጊዜ ለምን ጣቢያ አልሄድክም?»

«ማን ይሰማኛል ብዬ ነዋ።»

«ይኸውልህ። ሰው የሚያምነው ፖሊስ ነው ሌባ የሚይዘው፤ ሌባውን የሚያሳየው ሰፈሩ ነው እኮ።»

አናጢው ዳቦውን ተቀብሎ «ልጅዎ የተቀጣው ግን አያሳዝንዎትም?» አላቸው።

«ያሳዝነኛል» አሉ ሻምበል። «ባልሰበረው እጅ ቢቀጣ ግን ከዚህ ይብሰኝ ነበር።»

የፈረቃ ኃላፊው ፍርድ ቤት ቀርቦ ተፈረደበት። ቀለም ቀቢው እጁ ድኗል፤ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ለረጅም ጊዜ መያዝ ስለማይችል ጣሪያ መቀባት ትቶ በርና መስኮት ይቀባል። ሳጅን እውነቱን በመደበቁ ከሥራ ታግዶ ቆየና ሌላ ጣቢያ ተመደበ። በእገዳው ወራት አንድ ቤት እየኖሩ ከአባቱ ጋር ብዙም አልተነጋገሩም፤ እትዬ በመካከል ሆነው «አባትህ እንዲህ ይላል»፣ «ልጅህ እንዲህ ይላል» እያሉ ይመላለሱ ነበር። ባዶዋን ክፍል አንድ አስተማሪ ተከራይቷታል። እሱ ከመግባቱ በፊት ሻምበል የውጩን መቀርቀሪያ በካቻቢቴ ፈተው አነሱት።

ሳጅን ወደ ሥራ በተመለሰበት ጠዋት ሲነሳ ጫማው ተወልውሎ በረንዳው ላይ አገኘው። ሻምበል ዳቦ ሊገዙ ወጥተው ነበር።